የደረጃው ፎቶ

ውድ ልስልሱ፣

በጤና ጥያቄ ብጀምር «ሽማግሌው ዛሬ ደግሞ ምን ሊለምነኝ ነው?» ትላለህ። ልክ ነህ፤ ልለምንህ ነው። ግን ቀስ ብዬ ነው የምደርስበት። ወንበር ላይ ውሎ ወንበር ላይ የሚያመሽ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?

የወንድምህ ልጅ ልታገባ ነው። ይህን ከራሷ ሰምተሃል። ጥሪውን እንደላከችልህ፣ አንተም «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሥራ ይዞኛል» ብለህ እንደመለስክላት አውቃለሁ። ያልሰማኸው የእኔን ነው። እኔም እንዳንተው ሠርጉ ላይ አልገኝም። ፎቶው ላይ ግን ሁለታችንም አለን፤ እንዲያውም አንተ በጣም አምሮብሃል። እንዴት እንደሆነ ላጫውትህ።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ አንሺዋ የትኞቹ ፎቶዎች እንደሚነሱ ልትነጋገር መጣች። ሳሎኑ በካርቶንና በልብስ ከረጢት ስለታጨቀ ስብሰባው የተደረገው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሌን ታውቀዋለህ ልል ነበር፤ አታውቀውም ለካ፣ እግርህ ገብቶበት አያውቅም። አልጋ አለ፣ መስኮት አለ፣ ቁምሳጥን አለ፣ ከድሮው የእንጨት ሥራ ወርክሾፓችን የመጣው ባለመደገፊያ ወንበሬ አለ፣ ከዚያ በኋላ ለእኔ የቀረው ቦታ ለድመት አይበቃም። ሙሽሪት አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች፣ እናቷ በሩ ላይ ቆመች፣ ወንድምህም ቁምሳጥኑን ተደግፎ እጁን አጣጠፈ። ሹሙ ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ፤ አሁንም እንደ ሹም ነው የሚቆመው።

ፎቶ አንሺዋ ያሰበችውን ታነብ ጀመር። ሙሽሪት ጫማዋን ስታጠልቅ። እናት የቬሎዋን ቁልፍ ስትቆልፍላት። ሙሽሪት ደረጃ ስትወርድ፣ ከታች ወደ ላይ የሚነሳ። አባት ሙሽሪትን መጀመሪያ ሲያያት።

«መጀመሪያ ሲያያት ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳት። «አፏን በጥርስ ሳሙና ሞልታ በየጠዋቱ ያያት የለም እንዴ?»

«በሙሽራ ልብስ ማለቴ ነው አባቴ። ብዙ አባቶች ያኔ ያለቅሳሉ።»

«ይኼኛው እንኳ አያለቅስም። የግድ ከሆነ ሰዓቱን ንገሪውና ተዘጋጅቶ ይምጣ።»

«አባዬ፣ እባክህ» አለ ሹሙ። ሙሽሪት ግን ትራሴን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እንዲህ እንዲህ እያልን ከቆየን በኋላ «ቤተሰብ በሙሉ» የሚለው ፎቶ ላይ ደረስን። ማን የት እንደሚቆም ሲነገር ሙሽሪት ሳቋን አቆመች።

«አጎቴስ?»

«የሚነሳው የመጣ ሰው ነው» አለ ሹሙ።

«እሺ፣ አባባስ? እሱም እኮ አይወርድም።»

ሹሙ የቁምሳጥኑን እጀታ ይነካካ ጀመር። የእኔ አለመውረድ እዚህ ቤት እንደ ሐሜት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ፊት ለፊት አያወራውም። ጉልበቶቼ ድሮ ተራ በተራ ነበር የሚያኮርፉት። አሁን ተስማምተው አብረው አኮረፉ፤ ከልጆቼ ይልቅ እነሱ ተስማሙ። ሊፍቱም ቢሆን እኛ ሳንመጣ የሞተ ነው። «በጥገና ላይ» የሚለው ወረቀት አርጅቶ ጫፉ ተልጧል፣ ወረቀቱን የሚጠግን ሰው እንኳ አልተገኘም። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ቀረሁ። ዓለምን የማያት ከአናቷ ነው። ሰዉን ሁሉ በመሃል አናቱ ነው የምለየው። ከፊት ለፊታችን ያለው ልብስ ሰፊ መላጣው ወደ ኋላ እየሄደበት ነው፣ እሱ ግን ገና አልሰማም። ሰው ሲያልፍ ቁልቁል ሰላም እላለሁ፤ ቀና የሚል የለም። ከሰማይ ሰላምታ ይመጣል ብሎ ማን ይጠብቃል?

ወንድምህ ክፉ እስር ቤት ጠባቂ እንዳይመስልህ። ጥፍሬን የሚቆርጠው እሱ ነው። ሲተኛ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው፤ ከአልጋው ሆኖ አንዴ ይስላል፣ እኔም አንዴ እስልለታለሁ፣ «አለህ?» «አለሁ» መባባላችን ነው። እሱና ሚስቱ አብረው ከዚህ ቤት ወጥተው ካደሩ ስንት ጊዜያቸው። አንዱ ጎረቤት ሊጠይቅ ከሄደ ሌላው ለእኔ ይቀራል። እና ልጄ፣ የሚታሰረው እስረኛው ብቻ አይደለም፤ ቁልፍ የያዘውም ከበሩ አይርቅም።

ወደ ስብሰባው ልመልስህ። ፎቶ አንሺዋ ደግ ልጅ ናት፤ ኀፍረታችንን ልትሸፍንልን ፈለገች።

«ይኼማ ምን ችግር አለው?» አለች። «አባታችንን እዚሁ አነሳቸውና በኮምፒውተር አዳራሹ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ለአጎትየውም የድሮ ፎቶ ካለ ስጡኝ።»

ሙሽሪት ስልኳን ጎርጉራ አንተን አወጣች። ወርክሾፑ በር ላይ ቆመሃል፤ እርሳስ ጆሮህ ላይ፣ ፀጉርህ እንደ አዲስ መጥረጊያ።

«ይኼ ፀጉር አሁንም አለ?» አለች ፎቶ አንሺዋ።

«እኛም አናውቅም፤ ለሠርጉ ግን ይኑረው» አልኳት።

«የት ላቁማቸው ታዲያ?»

ሥራዋ ነውና ራሷ ወሰነች። ስልኳ ላይ ጎትታ ከወንድምህ ፎቶ አጠገብ አስጠጋችህ፣ ትከሻ ለትከሻ። ሹሙ አየው፣ አውጪው አላለም። ፎቶ ላይ መታረቅ እንዴት ቀላል ነው ልስልሱ። ሽማግሌ አይላክ፣ ይቅርታ አይጠየቅ፤ ጎትቶ ማስጠጋት ብቻ ነው።

ለእኔ ደግሞ ቁምሳጥኑ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅላ፣ ኮት አስለብሳ አነሳችኝ። ሠርጉ ገና ስለሆነ በሌላ ሰው ሠርግ ፎቶ ላይ አስገብታኝ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ናሙናውን ይዛ መጣች። እንዳልዋሽህ በጉጉት ነበር የጠበቅሁት፤ ከሙሽራው አክስት አጠገብ አቁሚኝ ብዬ አደራ ብያት ነበር፣ ቆንጆ ሴት ናት ይላሉ። ተቀበልኩና አየሁት። አዳራሹ ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች መሃል ቆሜያለሁ። እግር የለኝም፤ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ከፊቴ አድርጋ ደብቃዋለች። ሰው ሁሉ ጥላው ወለሉ ላይ ወድቋል፣ የእኔ የለም።

«ጥላዬስ?» አልኳት።

«ውይ አባቴ፣ እሱን ረስቼዋለሁ። እጨምርልዎታለሁ።»

አንተ ታውቀኛለህ፤ ቀልድ አልቆብኝ አያውቅም። ያን ቀን አለቀብኝ። ያሳዘነኝ እግር አለመኖሩ መሰለህ? ፎቶው ምንም ያልጎደለበት መምሰሉ ነው። ያለ እኔ እንዴት እንደሚሆን ገና በቁሜ ተለማመዱት።

«እኔ እንዲህ አልነሳም» አልኩ። «ካለሁ አለሁ፣ ከሌለሁ የለሁም። ጥላዬን ይዤ ካልሄድኩ አውጡኝ።»

«አባዬ፣ አራት ፎቅ እኮ ነው» አለ ሹሙ። «ተሸካሚ ላምጣልህ ስልህ እምቢ አልክ።»

«አልፈልግም። ተሸካሚ ነን ባዮች ደረጃ ላይ የስንቱን ቁምሳጥን እግር ሲሰብሩ ኖሬያለሁ። ለቁምሳጥኑ ሌላ እግር ጠርቤለታለሁ። ለእኔ ማን ይጠርብልኛል?»

ሙሽራው ይህን ሰምቶ በማግስቱ መጣ። ልጁ መልካም ነው፤ ቁመቱ የስልክ እንጨት ነው፣ ጨዋነቱ ደግሞ ከቁመቱ ይበልጣል። «እኔና አባታችን እናወርድዎታለን፤ አሁኑኑ እንሞክረውና ይዩት፣ ቀላል ነው» አለ። ሸክም ሳይነሳ ሁልጊዜ ቀላል ነው። ሹሙም ወይ አልወደደ ወይ አልጠላ፣ ወንበሬን ከኋላ ያዘ፤ ልጁ ከፊት ያዘና ወደ ደረጃው ወጣን።

የቤታችንን ሕግ መቼም አልረሳኸውም። ደረጃ ላይ ዕቃ ሲያዝ ታች ያለው ነው የሚያዝዘው። ክብደቱ ያለው እሱ ላይ ነዋ፤ ላይ ያለው አፉን ዘግቶ ይታዘዛል። አንተ ጉልበት ስለነበረህ ሁልጊዜ ታች ነበርክ። ሹሙ ታላቅህ ሆኖ፣ ቤቱንም መንደሩንም አዛዥ ሆኖ፣ ካንተ ትእዛዝ የሚቀበለው ደረጃ ላይ ብቻ ነበር። «ቁም። ወደ ቀኝ። አንድ እግር። እረፍ።» ትለዋለህ፣ እሺ ይልሃል። ከላይ ቆሜ ሳያችሁ አንድ ሰው ትመስሉኝ ነበር፤ አራት እግር ያለው፣ አንድ አፍ ያለው ሰው። እጅህ ብቻ ነበር የማይሆንልህ። ጉልበትህ የበሬ፣ መዳፍህ የሕፃን፤ እንጨት በያዝክ ቁጥር ይላጥ ነበር። ጨርቅ ሳትጠቀልል አትነሳም። ሹሙም «ልስልሱ፣ ጨርቅ ይበቃሃል ወይስ ሞግዚት ልጥራልህ?» ይልህ ነበር። ስሙ እንዲሁ ቀረ፤ የክርስትና ስምህን እኔም ረስቼዋለሁ።

ሙሽራው ይህን ሕግ ከየት ይወቀው? ሦስተኛ ፎቅን እንደምንም አለፍን። ጎረቤቶች በር ከፍተው ሲያዩ እኔ እንደ ንጉሥ እጄን አነሳሁላቸው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ጠበብ ብሎ የሚታጠፍባት ቦታ ስንደርስ፣ የልጁ ጀርባ ከግድግዳው ጋር ተጋጨና ቆመ።

«ወደየት ነው?» አለ ሹሙ ከላይ።

«እርስዎ እንዳሉ» አለ ልጁ ከታች።

«አንተ ነህ እኮ የምታየው።»

«ኧረ ግድ የለም፣ እርስዎ ይበሉ።»

አማቱን እንዴት ደፍሮ ይዘዝ? ሹሙ ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ልጁ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ መሃል ላይ ወደ ፊት እየተንሸራተትኩ የሁለቱን ጨዋነት እጠብቃለሁ። ወንበሩ ወደ ግራ አዘመመ። እጄን ግድግዳው ላይ ጣልኩ። ያን ጊዜ ወንድምህ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ደም ስሩ ተገታትሮ፣

«ልስልሱ፣ ምን ይዘጋሃል? እዘዝ እንጂ!» አለ።

ደረጃው እንደ ቧንቧ ነው፤ ድምፁ እስከ ምድር ቤት ወርዶ ተመለሰ። ሹሙ ያለውን የሰማው ከእኛ በኋላ መሰለኝ።

«ልስልሱ ማነው?» አለ ሙሽራው።

«አንተ የቆምክበት ቦታ ባለቤት» አልኩት።

ግድግዳው ላይ የጣልኩት እጄ ምን እንደነካ ልንገርህ? ጭረቱን። የቁምሳጥኔ ማዕዘን የጫረው፣ እናንተ ሁለታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ አብራችሁ የያዛችሁት ዕቃ የተወው ጭረት እዚያው አለ። ቀለም ቀብተውታል፣ ቀለሙ ግን ገብ ብሎ ይዳሰሳል። ዕቃዬ ወደዚህ ቤት የገባ ቀን ነው፤ እኔ ላይ ነበርኩ። ቁምሳጥኑ ሲደርስ ልብሴን ልሰቅል ማንጠልጠያዎቼን በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃችሁ ነበር። አንተ «አባዬን እዚህ ካወጣኸው የሚወርደው ሬሳው ነው» ስትል ሰማሁ። እሱም «እንግዲያው አንተ ጋ ውሰደውና አልጋህ ሥር አስተኛው» ሲል ሰማሁ። ያኔ አንድ ክፍል ተከራይተህ ነበር፤ አልጋህ ሥር እንኳ የጫማ ካርቶን ነበር የሚተኛው። ከዚያ ቁምሳጥኑ ወለል ሲነካ ሰማሁ፣ ከዚያም ያንተን እግር፣ ወደ ታች። ቁምሳጥኑ መታጠፊያዋ ላይ ቀርቶ ጎረቤት በጎን በጎን ሲያልፍ ከረመ፤ በኋላ ሹሙ ብቻውን ፈታትቶ አወጣው። ከሁለታችሁ ማን ልክ ነበር ብለህ አትጠይቀኝ። አንተ ያልከው ደረሰ፤ አልወረድኩም። እሱ የፈራው ግን ብቻዬን መሞቴን ነበር፤ ይኸው ብቻዬን አይደለሁም። ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ፣ እኔ መሃል ላይ ቀረሁ።

ሙሽራውና ሹሙ እንደምንም መልሰው አወጡኝ። ወንድምህ ወጥ ቤት ገብቶ ውኃ ጠጣ፤ ብርጭቆው ካለቀም በኋላ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። «ምነው?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። እኔም አልነካካሁትም። ቁስል ሲድን ያሳክካል፣ የሚያክ ሰው ሞኝ ነው።

ሙሽሪትን ግን ጠራኋት። «አንድ ፎቶ ስጪኝ» አልኳት።

«የቱን?»

«የደረጃውን።»

«አባባ፣ እሱ እኮ የኔ ነው። በቬሎ ነው የምወርደው።»

«አንቺ ገና ብዙ ደረጃ ትወርጃለሽ። እኔ የቀረኝ አንድ ነው።»

ተኮሳትራ አየችኝ፣ ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝ። ፎቶ አንሺዋም ተስማምታለች። ምድር ቤት ቆማ ወደ ላይ ነው የምታነሳው። «ከታች የሚይዙት ሰው ግን ፊታቸው አይታይም፣ ጀርባቸው ነው የሚወጣው» ብላ አዘነች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ፊትህን የማታሳይበት፣ ፈገግ በል የማትባልበት ፎቶ ነው ያገኘሁልህ፤ ፀጉርህ ኖረም አልኖረም ማንም አያይም… መቼስ ከኋላም ካለቀ አላውቅልህም። ፊትህ ወደ እኔ ነው። ከእኔ አናት በላይ ደግሞ ወንድምህ አለ። አራቱን ፎቅ ሙሉ የምታዩት አንዳችሁ የአንዳችሁን ፊት ነው፤ ሌላ የምታዩበት ቦታ የለም፣ ደረጃው ጠባብ ነው።

አሁን እንዲህ ትላለህ፤ «ሹሙ መምጣቴን ይወድዳል ወይ?» ጠይቄው አላውቅም። ብጠይቀውም «እንደፈለገ» ነው የሚለኝ፣ ያንን ደግሞ አንተም ታውቃለህ። ያየሁትን ብቻ ልጻፍልህ።

ትናንት ከሥራ ሲመለስ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ይዞ መጣ። ወንበሬን ወደ በረንዳው አወጣው። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ በበሩ ክፍተት አየዋለሁ፤ መሣሪያ ከነካ ብዙ ጊዜው ነው፣ እጁ ግን አልረሳም። እንጨቶቹን በወንበሩ ግራና ቀኝ ከመቀመጫው ሥር በብሎን አሰራቸው፤ ለመሸከሚያ፣ ሁለት ጫፍ ወደ ፊት፣ ሁለት ጫፍ ወደ ኋላ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሳቸው። ሚስቱ መጥታ «ከማን ጋር ልትሸከመው ነው?» አለችው። «ዞር በይ፣ አቧራው ይገባብሻል» አላት። ከዚያ የወርክሾፑን ሰማያዊ ሽርጥ አወጣ። አለኝ ብሎ አያውቅም፤ የት ደብቆት እንደኖረ እግዜር ይወቅ። በመቀስ ሸነታተረውና እንጨቶቹ ላይ ይጠቀልል ጀመር። ሲጨርስ ወንበሩን መልሶ ክፍሌ አስገባው፣ አላየኝም፣ «ደህና እደር» ብሎኝ ወጣ።

ወንበሩ አሁን በሩ አጠገብ ነው፣ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ። አንሶላዬን ገፍፌ፣ ቁምሳጥኑን ይዤ፣ ሄጄ ዳሰስኩት። የኋለኞቹ ሁለት ጫፎች ባዶ እንጨት ናቸው። የተጠቀለሉት የፊተኞቹ ብቻ ናቸው። በደንብ፣ ደራርቦ።

ስልክ ያልደወልኩልህ የወንድምህን ቁጥር አይተህ እንዳትተወው ብዬ ነው። ደብዳቤውን ፎቶ አንሺዋ ይዛልኝ ትወርዳለች፤ እሷ እንደሆነች በእግሯ ትወርዳለች። ስጦታ አትያዝ፣ እጅህን ብቻ ይዘህ ና። ባትመጣ አልቀየምህም ብዬ አልዋሽህም፤ እቀየምሃለሁ። የዚያን ቀን መስኮቴ ላይ ሆኜ ሙሽሪት መኪና ውስጥ ስትገባ እንደ ልብስ ሰፊው ከአናቷ አያታለሁ፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ከአበባው ኋላ፣ ባረፈደ ጥላ ቆሜ እስቃለሁ። ብትመጣ ግን ቃል እገባልሃለሁ፤ መታጠፊያዋን እስክናልፍ አንድም ቀልድ አልቀልድም። እዚያ ላይ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔ አይደለሁም።

ኮቴን ለብሼ እጠብቅሃለሁ።

አራተኛ ፎቅ ላይ የቀረው ዕቃህ፣
አባትህ